ስለ እንደራሴ

ልጆች ሆይ፥ በየቀኑ ከምንሰማቸውና ከምንናገራቸው ቃላት መካከል ቆም ብለን ያልመረመርናቸው ብዙ ናቸው። ከነዚህም አንዱ «እንደራሴ» የሚለው ቃል ነው። ቃሉን ለሁለት ብትከፍሉት «እንደ ራሴ» ይሆናል። ንጉሥ አንዱን ሰው መርጦ «ይህ ሰው እንደ ራሴ ነው፤ የተናገረውን እኔ እንደ ተናገርሁት፥ ያደረገውንም እኔ እንዳደረግሁት ቍጠሩት» ብሎ በሾመው ጊዜ ያ ሰው የንጉሥ እንደራሴ ይባላል። ከዚያ በኋላ ዘመኑ ሲለወጥ፥ ሕዝብ መርጦ ወደ ምክር ቤት የሚልከው ሰው ደግሞ «የሕዝብ እንደራሴ» ተባለ። ቃሉ ያው የቀድሞው ነው፤ ነገር ግን «ራሴ» ብሎ የሚናገረው ባለቤት ተለወጠ።

ይህ ለውጥ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለማስረዳት ከመጽሐፍ ትርጓሜ ይልቅ የሰው ሕይወት ይሻላል። ስለዚህ የኢሉባቦር ዋና ከተማ በነበረችው በጎሬ በኩል ያለፉትን የአንዲት ሴት ታሪክ እጽፍላችኋለሁ፤ እኒህም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። የአገራችንን ነገር በዓመተ ምሕረት፥ የእንግሊዝን አገር ነገር ግን በኤውሮፓ አቈጣጠር እጠራለሁ።

አስቀድሞ ግን ከቅርባችን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በኡካ አጠገብ ባለች መንደር፥ ክረምት በገባ ጊዜ ድልድይ ፈረሰ እንበል። ሰዎቹ ተሰብስበው «ከመካከላችን አንድ ሰው ወደ መቱ ሄዶ ለሹማምንቱ ይንገርልን» ብለው ተማከሩ። ሁሉም ቢሄድ እርሻው ይፈታል፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ቢናገር ቃሉ አይሰማም። ስለዚህ አንደበቱ የቀና፥ በሹም ፊት የማያፍር አንድ ሰው መረጡ። ይህ ሰው በቅሎ አለው፤ ወንዙ ሞልቶ ሳለ እንኳ በበቅሎው ተቀምጦ በመልካው ይሻገራል። እንግዲህ ሹሙ «ወንዙን መሻገር አይቻልምን?» ብሎ በጠየቀው ጊዜ ምን ብሎ ይመልሳል? የራሱን እውነት ከተናገረ «ይቻላል፤ እኔ ትናንት ተሻግሬ መጣሁ» ይላል። ይህም ቃል ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የላኩት ሰዎች በቅሎ የላቸውም። ቡና በጀርባዋ ተሸክማ ወደ ገበያ የምትወርደው ሴት አትሻገርም፤ ሕመምተኛ በቃሬዛ የያዙ ሰዎችም አይሻገሩም። ስለዚህ የተላከው ሰው በሹሙ ፊት ሲቆም በቅሎ እንደሌለው ሰው ሆኖ መናገር አለበት። «እንደ ራሴ» ያሉት እነርሱ ናቸውና፥ የእነርሱን ራስ ተሸክሞ እንጂ የራሱን ራስ ይዞ አልመጣም። ይህን ባለበቅሎ ሰው ልብ በሉት፤ ወደ እርሱ ደጋግመን እንመለሳለንና።

የኢሉባቦር ምድር ከሁሉ አስቀድማ ያየችው የንጉሥን እንደራሴ ነው። ጎሬን መቀመጫቸው አድርገው ይህን አገር ያስተዳደሩት ተሰማ ናደው፥ በ1890 ዓ.ም. ጦር እየመሩ ወደ ነጭ አባይ አቅጣጫ የዘመቱ ታላቅ ባላባት ነበሩ። ዳግማዊ ምኒልክ በታመሙና ወራሻቸው ልጅ ኢያሱ ገና ልጅ በነበሩ ጊዜ፥ በ1901 ዓ.ም. ራስ ቢትወደድ ተሰማ ሞግዚት ሆነው ተሾሙ፤ ቀጥሎም ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሆነው በ1903 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ መንግሥቱን ጠበቁ። እንግዲህ በዚያ ዘመን ከጎሬ ተነሥቶ የአገር ሁሉ እንደራሴ የሆነ ሰው ሥልጣኑ ከላይ ወደ ታች የወረደ ነበር። የጎሬ ገበሬ፥ የቡኖ በደሌ ንብ አርቢ፥ የመቱ ነጋዴ «እርሱ እንደ ራሴ ነው» ብሎ አላቆመውም፤ የጠየቀውም የለም።

ይሁን እንጂ ሕዝብ መሪውን በጉባኤ መምረጡ ለዚህ አገር ፈጽሞ እንግዳ ነገር ነበረ ማለት አይቻልም። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ በገዳ ሥርዓት፥ በዛፍ ጥላ ሥር ጉባኤ ተቀምጦ ሕግ ይመከር ነበር፤ ሥልጣንም በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይተላለፍ ነበር። ሴቶች በገዳው ሹመት ባይገቡም የሲንቄ በትራቸውን ይዘው ተሰብስበው ሲወጡ ቃላቸው ይከበር ነበር። ኋላ ከባሕር ማዶ የመጣው «ፓርላማ» የሚለው ቃል ራሱ በፈረንሳዮች ቋንቋ መናገር ከማለት የወጣ ነው። በጉባኤ መናገርን አባቶቻችን ያውቁት ነበር፤ አዲስ የሆነው ወረቀቱና ቈጠራው ነው።

ወይዘሮ ስንዱ በ1908 ዓ.ም. በመናገሻ አዲስ ዓለም ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በልጅነታቸው በሚስዮናውያን እጅ አድገው፥ በኢየሩሳሌምና በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ በሚገኘው በቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የተማሩ ሰው ነበሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በነገሥታቱ ዘንድ በአስተርጓሚነትና በመልእክተኛነት አገለገሉ። በ1911 ዓ.ም. የዓለም ጦርነት ባለቀ ጊዜ ወደ አሜሪካ ከተላኩት የኢትዮጵያ መልእክተኞች አንዱ እርሳቸው ናቸው፤ የመልእክተኞቹም አለቃ ኋላ ኢሉባቦርን የገዙት ናደው አባ ወሎ ነበሩ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም አብረዋቸው ሄደዋል።

ይህን ያህል ዓለም ያየ አባት ሴት ልጁን ምን ያድርጋት? በዚያ ዘመን ለባላባት ልጅ የተለመደው መንገድ አንድ ነበር፤ በልጅነት ትዳርና በእልፍኝ መቀመጥ። ከንቲባ ገብሩ ግን ሴት ልጆቻቸውን ለትምህርት ሰጡ። ስንዱ በአዲስ አበባ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ቀጥሎም ገና ልጅ ሳሉ ከእኅታቸው ጋር ወደ ስዊስ አገር ተልከው ትምህርታቸውን በዚያ ተከታተሉ። ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የውጭ ቋንቋ የሚናገሩ፥ መጻሕፍት ያነበቡ ወጣት ነበሩ። እንግዲህ ከምሳሌያችን ጋር ብናስተያየው ወይዘሮ ስንዱ በቅሎ ነበራቸው ማለት ነው። ከሺህ የአገራቸው ሴት ልጆች አንዲቱ እንኳ ያላገኘችውን አግኝተዋልና።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ግን ያንን ሁሉ በአንድ ቀን የሚያስረሳ ነበር። የኢጣልያ ጦር አገሩን ወረረ። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ጠላት ከተማይቱን ያዘ። የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ጎሬ እንዲዛወር ታዘዘ። ጎሬ የተመረጠችው በአጋጣሚ አይደለም። ከጎሬ ቍልቍል የሚወርደው መንገድ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ያደርሳል፤ ከጋምቤላም በክረምት የባሮ ውኃ ሲሞላ የሱዳን መርከብ እስከ ካርቱም ይሄዳል። ቡናውና ቆዳው ለብዙ ዓመት በዚሁ መንገድ ሲወጣ ኖሯል፤ በጎሬም የእንግሊዝ ቆንስል ይቀመጥ ነበር። ስለዚህ አገሪቱ ከዓለም ጋር የምትተነፍስበት የመጨረሻው በር በምዕራብ በኩል ነበረ። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የመንግሥቱን ሥራ እንዲመሩ በጎሬ ተቀመጡ፤ ልዑል ራስ እምሩም የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው የተረፈውን ጦር ሰበሰቡ። ስለዚህ ጎሬ ለሁለተኛ ጊዜ የእንደራሴ አገር ሆነች።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። የምዕራቡ ሰው ሁሉ ይህን መንግሥት በአንድ ልብ አልተቀበለውም። ከወለጋና ከአካባቢው መኳንንት አያሌዎቹ በዚያው ዓመት ተማክረው፥ ለመንግሥታት ማኅበር በጻፉት ደብዳቤ አገራቸው በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር እንድትሆን ለመኑ። አንዳንዱ ጸሐፊ ይህን ክህደት ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን በዚህ አልቸኵልም። ለብዙ ዓመት ከላይ የመጣ ሹም ሲለዋወጥበት የኖረ፥ ማን እንዲናገርለት አንድ ቀን ተጠይቆ የማያውቅ ሕዝብ፥ በጭንቀት ቀን የሚናገርለትን ከሩቅ ቢፈልግ ያስደንቃልን? ያም ደብዳቤ ቢሆን የጻፉት መኳንንቱ ናቸው፤ ገበሬው በዚያም አልተጠየቀም።

ወይዘሮ ስንዱ በዚህ ጊዜ የሃያ ዓመት ወጣት ነበሩ። ከአዲስ አበባ ወጥተው ወደ ጎሬ ሄዱና ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ተባበሩ። ይህን ማኅበር ያቋቋሙት አብዛኞቹ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ መኰንኖችና በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች ናቸው፤ የማኅበሩ መሪ በእንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና የተማሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ማኅበሩ የራሱን ሕግ ጻፈ። በዚያም ሕግ የጦር አለቃው ለማኅበሩ ምክር እንዲታዘዝ፥ የገበሬው ሰውነትና ሀብት እንዳይነካ፥ የተማረከ ጠላት እንዳይገደል፥ አባሎቹም አገራቸውን ጥለው እንዳይሰደዱ ታዘዘ። ዝናብ በሚዘንብበት ጫካ ውስጥ፥ ጥይትና እህል ባነሰበት ጊዜ፥ ወጣቶች ተቀምጠው ጦር ለምክር ይታዘዝ ብለው መጻፋቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ገና ፓርላማ የሚባል ነገር በእውነት ሳይኖር የፓርላማ ፍሬ ነገር በዚያ ጫካ ውስጥ ተጽፎ ነበር።

ወይዘሮ ስንዱ በዚያ የቀይ መስቀልን ሥራ ያዙ። የቈሰለውን ማጠብ፥ ቍስሉን ማሰር፥ የታመመውን ማስታመም ነበር ሥራቸው። የስዊስ ትምህርት ቤት ጠረጴዛና የጎሬ ጭቃ ምን ያህል እንደሚራራቁ እናንተው አስቡት። በኅዳር ወር 1929 ዓ.ም. ጠላት ጎሬን ያዘ፤ ራስ እምሩም በታኅሣሥ ወር በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የተማረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይታደን ጀመር። ከጥቁር አንበሳ ወጣቶች አያሌዎቹ ተገደሉ። ወይዘሮ ስንዱ ደግሞ ከብዙ መኳንንትና ወይዛዝርት ጋር በሰርዴኛ አጠገብ ወዳለችው ወደ አሲናራ ደሴት ተግዘው በዚያ ታሰሩ።

እርሳቸው በኢሉባቦር ቍስለኛ ሲያስታምሙ፥ በዚያው ዓመት በለንደን ምክር ቤት ስለ ኢትዮጵያ የምትከራከር አንዲት ሴት ነበረች፤ ስምዋም ሚስ ኤሊኖር ራትቦን ይባላል። የእርስዋን ሥራ ማወቅ የባለበቅሎውን ነገር ግልጽ ያደርግልናልና ጥቂት ልቆይበት።

ኤሊኖር ራትቦን በ1872 ከሊቨርፑል ባለጠጋ ነጋዴዎች ቤት ተወለደች። አባቷ ራሳቸው የፓርላማ አባል ነበሩ። በኦክስፎርድ ተማረች፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ኦክስፎርድ ሴቶችን ያስተምር ነበር እንጂ ማዕርግ አይሰጣቸውም ነበር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሊቨርፑል ለወታደር ሚስቶች የሚከፈለውን ገንዘብ በማደል ሥራ ላይ ተሰማራች። በዚያም አንድ ነገር አየች፤ ገንዘቡ በእናቲቱ እጅ ሲገባ ልጆቹ ይጠግባሉ፥ ይለብሳሉም። ይህን ካየች በኋላ «ልጅ የምታሳድግ እናት ከመንግሥት ገንዘብ ልትቀበል ይገባታል» የሚል አሳብ ያዘችና እስከ ሞተችበት ቀን አልለቀቀችውም። በ1924 በዚሁ ነገር መጽሐፍ ጻፈች። በ1929 ከየትኛውም የፖለቲካ ወገን ሳትሆን ብቻዋን ቆማ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች እንደራሴ ሆና ተመረጠች። በታኅሣሥ 1935 ሚኒስትሩ ሆርና ፈረንሳዊው ላቫል ከኢትዮጵያ ምድር ትልቁን ክፍል ለኢጣልያ ለመስጠት ሲስማሙ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቈጥቶ ሚኒስትሩ ሥራውን ለቀቀ፤ ሚስ ራትቦንም መንግሥቷ ለደካማው አገር የገባውን ቃል እንዳያጥፍ ከሚከራከሩት መካከል ነበረች። ክርክሩ አገራችንን ከመያዝ አላዳናትም። ቢሆንም አንድም ኢትዮጵያዊ ያልመረጣት ሴት ለእኛ ተናግራለች።

የእናቶቹ ጉዳይ ግን ወደ ፍጻሜ ደረሰ። በ1945 መንግሥት ከሁለተኛው ልጅ ጀምሮ ለያንዳንዱ ልጅ በየሳምንቱ አምስት ሽልንግ ለመስጠት ሕግ አቀረበ። በረቂቁ ላይ ግን ገንዘቡ ለአባት ይከፈል የሚል ቃል ነበረበት። ሚስ ራትቦን ሃያ ዓመት ሙሉ የለፋችበትን ሕግ፥ «ለእናት ካልተባለ እኔው ራሴ እቃወመዋለሁ» የሚል አቋም ያዘች። ምክር ቤቱም ተሟግቶ ቃሉን ወደ እናት ለወጠው። እርስዋ በጥር ወር 1946 ሞተች፤ የመጀመሪያው ገንዘብ የተከፈለው በዚያው ዓመት በነሐሴ ነው። ልብ በሉ፤ ይህች ሴት ባል አላገባችም፥ ልጅም አልወለደችም፥ አምስት ሽልንግም አልቸገራት። በቅሎ ሳላት በቅሎ እንደሌላት ሆና ተናገረች።

ወደ ወይዘሮ ስንዱ እንመለስ። ከግዞት ወጥተው ወደ አገራቸው ገቡ፤ አገሪቱም በ1933 ዓ.ም. ነጻ ወጣች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት የያዙት ሥራ ማስተማር ነው። እቴጌ መነን በ1924 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሴቶች ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ኋላም የትምህርት ቤቱ ዲሬክትሪስ ሆኑ። ከእርሳቸው በፊት ያንን ሥራ የያዙት የውጭ አገር ሴቶች ነበሩ። ተማሪዎቻቸው የሚጫወቷቸውን ቴአትሮች ይጽፉ ነበር፤ «የልቤ መጽሐፍ» የተባለውንም መጽሐፍ አሳትመዋል። በዚያን ጊዜ የአማርኛ መጽሐፍ የሚጽፉ ሴቶች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ።

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚል ተረት አለን። ብዙ አባቶች ሴት ልጃቸውን ከትምህርት ቤት ለማስቀረት ይህን ተረት እንደ ሕግ ይጠቅሱት ነበር። ተረቱ የሚለው ሴት አታውቅም አይደለም፤ ብታውቅም እንኳ ነገሩን የሚጨርሰው ወንድ ነው ነው የሚለው። ስለዚህ ይህን ተረት ሴት ልጅን በማስተማር ብቻ መመለስ አይቻልም፤ ነገር በሚቈረጥበት ሸንጎ ሴት ካልተቀመጠች ተረቱ እንደ ቆመ ይኖራል።

የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የተሰጠው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሕግ ሁለት ምክር ቤቶች ቆሙ፤ አንዱ የሕግ መወሰኛ፥ ሁለተኛው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ይባላሉ። ነገር ግን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ የሕግ መምሪያውን እንደራሴዎች መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት እንዲመርጡ ተወሰነ። «እስኪችል ድረስ» የተባለው ጊዜ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ቈየ። በ1948 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲወጣ፥ ዕድሜው ሃያ አንድ ዓመት የሞላ ኢትዮጵያዊ ሁሉ በሚኖርበት ወረዳ እንዲመርጥ ተፈቀደ፤ ወንድና ሴት ሳይለይ። በእንግሊዝ አገር ሴቶች ለዚህ መብት ረጅም ዘመን ተጋድለዋል፥ ታስረዋልም፤ በ1918 እንኳ ሲፈቀድላቸው ሠላሳ ዓመት ለሞላቸውና ጥቂት ሀብት ላላቸው ብቻ ነበር፤ ከወንድ ጋር የተካከሉት በ1928 ነው። በእኛ አገር በአንድ ቀን በአንድ ወረቀት ተሰጠ። የተሰጠ ነገር ተጋድሎ ከተገኘው ይልቅ ቀላል ይመስላል፤ ግን የተሰጣቸው ሰዎች መኖሩን እንኳ ሳይሰሙ ሊያልፋቸው ይችላል። ከመንገድ ሩቅ በሆነ ቀበሌ የምትኖር ሴት የምርጫ ወረቀት የሚባል ነገር እንዳለ ማን ይነግራታል?

በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1957 የመጀመሪያው ሕዝባዊ ምርጫ ተደረገ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ለምርጫ ቀርበው አሸነፉ፤ በኢትዮጵያ ታሪክ በሕዝብ ምርጫ ወደ ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያይቱ ሴት ተብለውም ይጠራሉ። በአራት ኪሎ ባለው የሰዓት ማማ ባለበት ሕንጻ ውስጥ ከወንዶች መካከል ተቀመጡ፤ የሕግ መምሪያው ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንትም ሆኑ። በጎሬ የንጉሥን እንደራሴ ያዩ ሴት የሕዝብ እንደራሴ ሆኑ።

የእንግሊዝ ፓርላማም እንዲህ ያለ የመጀመሪያ ቀን ነበረው። በ1918 የተመረጠችው የመጀመሪያይቱ ሴት ኮንስታንስ ማርኬቪች፥ በተመረጠች ጊዜ በለንደን ወህኒ ቤት ታስራ ነበር፤ ለአየርላንድ ነጻነት የምትታገል ስለ ሆነች ከወገኖቿ ጋር ወደ ምክር ቤቱ አልገባም ብላ ቀረች። ገብታ የተቀመጠችው የመጀመሪያይቱ ሌዲ ናንሲ አስተር ናት፤ ይህም በታኅሣሥ ወር 1919 ነው። ባሏ የአባቱን ማዕርግ ወርሶ ወደ መኳንንቱ ምክር ቤት ሲዛወር ባዶ በቀረው ወንበር ተመረጠች። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ መጠጥ እንዳይሸጥ የሚከለክለውን የ1923 ሕግ ያወጣች እርስዋ ናት። እንግዲህ አንዲቱ በወህኒ ቤት፥ ሁለተኛይቱ በባሏ ወንበር በኩል ነው የመጣችው። ወይዘሮ ስንዱ ወህኒውን አይተዋል፤ በባል ወንበር ግን አልገቡም። እርሳቸውን ያስገባቸው የቀይ መስቀሉና የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

አሁን ግን ስለዚያ ምክር ቤት የማይወደደውን ነገር መናገር አለብኝ። ምክር ቤቱ ሕግ ይመክራል፥ በጀት ያያል፥ ሚኒስትሮችን ጠርቶ ይጠይቃል። ሚኒስትሮቹን የሚሾሙት ግን ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ የሕግ መወሰኛውንም አባሎች የሚመርጡ እርሳቸው ናቸው፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች የተስማሙበትም ሕግ ያለ እርሳቸው ፈቃድ አይጸናም። የፖለቲካ ማኅበር አልነበረም፤ ያንዱ ሰው ቃል ብቻውን ይቆማል። ከዚህም በላይ፥ ለእንደራሴነት የሚቀርብ ሰው በሚመረጥበት ወረዳ በሕግ የተወሰነ ንብረት እንዲኖረው ያስፈልግ ነበር።

ይህ የመጨረሻው ነገር ወደ ወንዙና ወደ ድልድዩ ይመልሰናል። ሕጉ የመንደሩን መልእክተኛ በቅሎ ካላቸው ሰዎች መካከል ብቻ ምረጡ ማለቱ ነበረ። የዚህንም ፍሬ በኢሉባቦር የነበረው ጭሰኛ በደንብ አይቶታል። በጭሰኛና በባለመሬት መካከል ያለውን ነገር የሚያስተካክል፥ ለባለመሬቱ የሚከፈለውን የሚወስን፥ ጭሰኛውም በዘፈቀደ እንዳይነቀል የሚጠብቅ የሕግ ረቂቅ በ1960ዎቹ ዓመታት ደጋግሞ ለምክር ቤቱ ቀረበ፤ ደጋግሞም ሳይጸድቅ ቀረ። በወንበሮቹ ላይ ከተቀመጡት ብዙዎቹ ባለመሬቶች ነበሩና። እነዚያ ሰዎች ሁሉ ክፉዎች ነበሩ ማለቴ አይደለም። «ወንዙ ይሻገራል፤ እኔ ትናንት ተሻግሬ መጣሁ» ነው ያሉት። መሬቱ በአዋጅ ለገበሬው የሆነው በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ምክር ቤቱ ራሱ ፈርሶ ነበር።

ወይዘሮ ስንዱ በዚያን ጊዜ በምክር ቤቱ አልነበሩም። ከእንደራሴነቱ በኋላ በትምህርት ሚኒስቴር አገልግለው፥ ቀጥሎም በጀርመን አገር በቦን ከተማ በኢትዮጵያ ኤምባሲ የባህል ጉዳይ ኀላፊ ሆነው እስከ 1966 ዓ.ም. ሠሩ። አባታቸው ከብዙ ዘመን በፊት ልጅ ሆነው የተማሩትን የጀርመን ቋንቋ እርሳቸው ደግሞ ለአገር ሥራ አዋሉት።

እርሳቸው በተቀመጡበት ዘመን ከዚያ ምክር ቤት የሴት ድምፅ ብርቅ ነበር። በ2007 ዓ.ም. በተመረጠው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከ547 ወንበሮች በ212ቱ ሴቶች ተቀምጠዋል። «እንደራሴ» የሚለው ቃል ግን በዚህ መካከል ከሕጉ ወጥቶ «ተወካይ» በሚለው ተተክቷል፤ እኔ የቀድሞውን እመርጣለሁ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ምክር ቤቱም በዚያው ቀን ተዘጋ። ወይዘሮ ስንዱ ከዚያ በኋላ ሠላሳ አራት ዓመት ኖሩ፤ በ2001 ዓ.ም. በዘጠና ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ።